አምባርን በውኃው አስታውሱት

በሕንድ የአውራንጋባድ ከተማ የተማራችሁ የተከበራችሁ ተመራቂዎች፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፤

የተጠራነው ከባርነት ተነስቶ ሕንድ ውስጥ መሪ ለሆነው ለአገራችን ሰው፣ ለማሊክ አምባር፣ ሐውልት ገንዘብ ለማዋጣት ነው። እንድናገር ስጋበዝ እሺ ያልኩት ግን ሐሳቡን ስለምቃወም ነው።

አገሩን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ዝናቡ እንደኛው ክረምት ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። አፈሩ ዋልካ ነው፤ ሲርስ ጫማ ይነጥቃል፣ ሲደርቅ እግር እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። ገበሬው ጥጥና ማሽላ ይዘራል። አዲስ አበባ ላይ የምንሳፈረው ባጃጅ የሚሠራበት የዋሉጅ ፋብሪካ ሰፈርም እዚያው ነው።

በሁለተኛ ዓመቴ፣ በሚያዝያ ሐሩር፣ የአምባርን መቃብር ለማየት ከአውራንጋባድ አቅራቢያ ወዳለችው ኩልዳባድ ሄድኩ። ስመለስ የያዝኩት ውኃ አለቀ። ከመንገዱ ዳር አንድ ሽማግሌ ገበሬ ጉድጓድ አፍ ላይ ቆመው አየሁና ጠጋ አልኩ። ባልዲውን ለቀቁት። ገመዱ ወረደ፣ ወረደ፣ ማብቂያ አጣ። ሲስቡት ከግማሽ በታች ነበር፣ እሱም ጭቃ። ዝም ብለው እስኪጠል ጠበቁ፤ ከላይ ከላዩን በነጠላ ጨርቅ አጥልለው በጣሳ ሰጡኝ። በሬያቸው አጠገባችን ቆሞ እያየ መጀመሪያ ያጠጡት እኔን ነው። ከየት እንደመጣሁ ሲጠይቁኝ በተሰባበረ ሂንዲ «ኢትዮጵያ» አልኳቸው፤ አላወቁትም። «ሀብሺ» ስላቸው ፊታቸው በራ። «የአምባር አገር ሰው! ውኃ ያመጣልን እሱ ነው» አሉኝ።

ስለ ጦርነቱ አንዲት ቃል አልተናገሩም። እኔ ደግሞ ከጦርነቱ በቀር የማውቀው አልነበረኝም።

ዓመቶቹን በፈረንጅ ልጥራቸው። በ1548 ገደማ እኛ አገር ተወለደ። ልጅ ሳለ ለባርነት ተሽጦ፣ ከጌታ ወደ ጌታ እየተላለፈ ደካን፣ የደቡብ ሕንድ ደጋ፣ ደረሰ። የዚያውን አገር የአህመድናጋርን መንግሥት እስከ መምራት በቃ፤ የሙጋሉን ንጉሠ ነገሥት የጃሃንጊርን ሠራዊት መፈናፈኛ አሳጣ። በ1610 ኪርኪን ቆረቆረ፤ የኋላዋ አውራንጋባድ እሷ ናት። ከዚያም በመሬት ውስጥ ቦይ አስቆፍሮ የኮረብታውን ውኃ ያለ ሞተር፣ በተዳፋቱ ብቻ ከተማ አስገባ። ኔህረ አምባሪ የሚሉት ይህን ነው። የገበሬውን መሬት አስለክቶ፣ ለሙን ከጠፉ ለይቶ ግብር ጣለ። በ1626 አረፈ።

እኛስ? መቃብሩ ደጃፍ ፎቶ እንነሳለን! «ጀግናችን» ብለን እንፎክራለን! ሰይፉን ያላነሳ የለም፤ ቦዩን ያነሳ ማን ነው? አውራንጋባድ ባለችበት በማራትዋዳ አውራጃ ያለችው የላቱር ከተማ በ2016 የሚጠጣ ውኃ በባቡር ሲጫንላት ስንቶቻችን ደንግጠናል? እዚያው ድርቅ በሚመላለስበት ምድር ውኃ የሚጠጣው ሸንኮራ አገዳ ይተከላል። በ1972 ድርቅ አውራንጋባድ ያለችበትን የማሃራሽትራ ክፍለ ሀገር ሲመታ፣ ወዲያው ወሎ በረሃብ አለቀ። ይህ ሁሉ እያለ ነሐስ እናፍስስ?



የማቀርበው ይህ ነው፦ የሐውልቱ ገንዘብ ከወሎ ለሚመጡ ሁለት ልጆች የውኃ ምሕንድስና ትምህርት ይዋል፤ ሲመረቁም ኔህረ አምባሪን ሄደው ይለኩት። ቅጹ በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ ነው። የመጀመሪያውን መስመር ሞልቼዋለሁ።

አመሰግናለሁ።