ልጃችሁ ሲጮህ ምን ሊላችሁ ፈልጎ ነው?

[ምስል፦ ሳሎን። አንድ ልጅ መሬት ላይ ተዘርሮ ይጮኻል። እናቱ ስልክ ይዛ አጠገቡ ቆማለች።]

የምታዩት ልጅ አምስት ዓመቱ ነው። ኦቲዝም አለበት፤ አፉን ገና አልፈታም። እናቱ ስልኩን ስትወስድበት መሬት ላይ ተዘርሮ ይጮኻል። ጎረቤት እንዳይሰማ ብላ ትመልስለታለች። ወዲያው ዝም ይላል።

እዚህ ላይ ሁለቱም አንድ ነገር ተምረዋል። ልጁ ሲጮህ ስልኩ እንደሚመለስለት፣ እናቱ ደግሞ ስልኩን ስትሰጠው ጩኸቱ እንደሚቆም። ነገም ይህንኑ ይደግሙታል። ማንም አላጠፋም። የደከመው ወላጅ ሁሉ የሚያደርገው ነው።

ጥፋትን ካነሳን አይቀር፣ ኦቲዝም በአስተዳደግ ጉድለት አይመጣም። እርግማንም አይደለም። የአእምሮ እድገት ልዩነት ነው። በአንድ ወቅት በአሜሪካና በአውሮፓ ሐኪሞች ሳይቀሩ «እናትየው ፍቅር ስለነፈገችው ነው» ይሉ ነበር። ያ ሐሳብ ውድቅ ከሆነ ቆይቷል። እኛ ዘንድ ግን ዛሬም እናት ላይ ጣት የሚቀስር ዘመድ አይጠፋም። ጠበል መሄድ የምትፈልጉ ሂዱ፤ ልጁን መርዳት የምትማሩበትን የወላጆች ስልጠና ግን አታስቀሩት።

ወላጅን ማሰልጠን ለምን አስፈለገ? ወይዘሮ ዘሚ የኑስ፣ ራሳቸው ኦቲዝም ያለበት ልጅ እናት፣ አዲስ አበባ ላይ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ከመሠረቱ ወዲህ ሌሎች ማዕከላትም ተከፍተዋል። ተራ የሚጠብቀው ቤተሰብ ግን አሁንም ብዙ ነው። ከአዲስ አበባ ውጪ ላለው ደግሞ ይብሳል። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው የተንከባካቢዎች ስልጠና ለዚህ የታሰበ ነው። ከ2 እስከ 9 ዓመት ያሉ ልጆች ወላጆች 9 ጊዜ በቡድን ይማራሉ፤ አሰልጣኙ 3 ጊዜ ቤታቸው ይሄዳል። በኢትዮጵያም ተሞክሯል።

[ምስል፦ አሰልጣኟ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ እናትና ልጅን ታያለች።]

አሰልጣኟ ቤት ስትመጣ ልጁን ተቀብላ ራሷ አትሠራም። ቁጭ ብላ ታያለች። እናቲቱ ትሞክራለች፤ እሷ ከጎን «ትንሽ ጠብቂው... አሁን ስጪው!» ትላለች። እሷ ስትሄድ ልጁ ጋ የሚቀረው እናቱ ናትና፣ ሙያው እናቱ እጅ መግባት አለበት።

የመጀመሪያው ሥራ መጻፍ ነው። ከጩኸቱ በፊት ምን ነበር? ልጁ ምን አደረገ? ከዚያስ ምን አገኘ? ለአንድ ሳምንት ያህል እነዚህን ሦስቱን ብቻ መዝግቡ። ምክንያቱ እየተገለጠ ይመጣል። ወይ የሚፈልገው ነገር አለ፣ ወይ የሚሸሸው ነገር አለ፣ ወይ እናንተን ይፈልጋል፣ ወይ ድርጊቱ ራሱ ለሰውነቱ ደስ ይለዋል። አንድ ዓይነት ጩኸት ሆኖ ምክንያቱ ከተለያየ መላውም ይለያያል።

የእኛው ልጅ የሚፈልገው ስልኩን ነው። ስለዚህ በጩኸት ፈንታ ሌላ መጠየቂያ እናስተምረዋለን። የስልክ ፎቶ ያለበት ካርድ አዘጋጁ። ስልኩን ሲፈልግ፣ ጩኸት ሳይጀምር፣ እጁን በቀስታ ይዛችሁ ካርዱን እንዲያቀብላችሁ አድርጉ። ካርዱ እጃችሁ እንደገባ «ስልክ!» በሉና ስጡት። ወዲያው። ብትዘገዩ ልጁ ሁለቱን ነገር አያገናኛቸውም። መጀመሪያ ሰሞን በጠየቀ ቁጥር ያግኝ፤ መጠበቅን በኋላ ታስተምሩታላችሁ። እጁን መያዙን ደግሞ ቀስ በቀስ ቀንሱ። ክርኑን ብቻ መንካት፣ ከዚያ በጣት ማመልከት፣ ከዚያ ምንም።

አሁን ልብ በሉ። ጩኸት ስልክ ማምጣቱን ሲያቆም፣ ጩኸቱ መጀመሪያ ሊብስ ይችላል። ብዙ ወላጅ «አልሠራም» ብሎ የሚተወው እዚህ ጋ ነው። በዚህን ጊዜ ከሰጣችሁት አብዝቶ መጮህን ታስተምሩታላችሁ። ራሱን የሚመታ ከሆነ ግን ትራስ አድርጋችሁ ጠብቁት፣ ባለሙያም አማክሩ። አያትም፣ አጎትም፣ የቤት ሠራተኛም አንድ ዓይነት መልስ ይስጡ። እናት ከልክላ አያት ሹልክ አድርጋ ከሰጠች ልፋቱ ከንቱ ነው።

[ምስል፦ ማንቆርቆሪያ፣ ሳፋ፣ ፎጣ።]

አዲስ ነገር ማስተማርም እንዲሁ ነው። እጅ መታጠብን ውሰዱ። ውሃ፣ ሳሙና፣ ማሸት፣ ማለቅለቅ፣ ማድረቅ። ሁሉንም አብራችሁት ሥሩና የመጨረሻውን ብቻ፣ ማድረቁን፣ ለእሱ ተዉለት። «እጅህን አደረቅክ! ጎበዝ!» በሉት፤ የሚወደውንም ጨምሩለት። ሲለምድ ማለቅለቁንም ለእሱ ልቀቁ። ከኋላ ወደ ፊት ስትሄዱ ልጁ ሁልጊዜ ሥራውን ጨርሶ፣ ተመስግኖ ይነሣል።

ቁንጥጫና ዱላ ግን ይቅር። ፍርሃትን እንጂ መጠየቅን አያስተምርም። «ዓይኔን እየኝ» ብሎ ማስገደድም ይቅር። በልጅነታቸው እንዲህ በሚያስገድድ ሕክምና ያለፉ ኦቲዝም ያለባቸው አዋቂዎች ምን ያህል እንደጎዳቸው ተናግረዋል፤ ልንሰማቸው ይገባል። ልጁ ደስ ሲለው እጁን ቢያርገበግብ ማንን ይጎዳል? ተዉት።

ደግሞም ልጃችሁ ሳይታሰብ ባህሪው ከተለወጠ፣ ካርድና ሽልማት ከማሰባችሁ በፊት ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ጆሮው፣ ጥርሱ ወይም ሆዱ አሞት ሊሆን ይችላል፤ አፉን ያልፈታ ልጅ «አመመኝ» አይልም።