ሄንሪ ተርነርን ሳናውቅ አትላንታን አናውቃትም

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፤

አዘጋጆቹ ስለ ጥቁር አሜሪካውያን የታሪክ ወር አጭር ቃል እንዳሰማ ጠይቀውኛል። እኔ ግን የምናገረው ስለ አንድ ሰው፣ ስለ ሄንሪ ማክኒል ተርነር ነው።

ተርነር እ.ኤ.አ. በ1834 በደቡብ ካሮላይና ተወለደ። ባሪያ አልነበረም፤ ፊደል እንዳይቆጥር ግን ሕግ ይከለክለው ነበር። በአቤቪል የጠበቆች ቢሮ ሲጠርግ፣ ወጣቶቹ ጠበቆች የአእምሮውን ብሩህነት አይተው ሕጉን ጥሰው አስተማሩት። ያ ልጅ ሰባኪ ሆነ፤ በእርስ በርስ ጦርነቱም የጥቁር ወታደሮች ቄስ ሆኖ ዘመተ። በ1868 የሜከን ከተማ ሕዝብ እዚህ አትላንታ ወደሚሰበሰበው የጆርጂያ ምክር ቤት ላከው።

ሁለት ወር ያህል እንደተቀመጠ ነጮቹ አባላት ተነሡበት። ሕገ መንግሥቱ ጥቁሮች እንዲመርጡ እንጂ እንዲመረጡ በግልጽ አልፈቀደም አሉ። ያንን ሕገ መንግሥት ባረቀቀው ጉባኤ ተርነር ራሱ ተቀምጦበታል! እዚያው ጉባኤ ላይ ለተሸነፉት ጌቶች ምሕረት እንዲደረግ ተከራክሯል! ውለታውን በዚህ መለሱለት።

ሴፕቴምበር 3 ቀን ተርነር ሊያባርሩት በተዘጋጁት ሰዎች ፊት ቆመ። ሰው ነኝ ወይስ አይደለሁም? ሰው ከሆንሁ የሰው መብት ይገባኛል አላቸው። ለማንም አላጎበድድም፣ መብቴንም አልለምንም፤ ሰውነቴን በሚደፍር ላይ መብረቅ ልወረውር መጥቻለሁ አለ። ተናግሮ ሲጨርስ ድምፅ ሰጥተው አስወጡት። ዛሬ «የመጀመሪያዎቹ 33» ተብለው የሚታወሱት እሱና እንደ እሱ የተባረሩት ጥቁር የምክር ቤት አባላት ናቸው። በዚያው ወር ካሚላ በምትባል ከተማ ለምርጫ ቅስቀሳ በሰልፍ የገቡ ጥቁሮች በጥይት ተገደሉ። ተባራሪዎቹ ወደ ወንበራቸው የተመለሱት በ1870 የፌዴራሉ መንግሥት ጣልቃ ገብቶ ነው።

አሁን የመጣሁበትን ልናገር። እኛ ኢትዮጵያውያን ቡና ላይ ተቀምጠን፣ የጥቁር አሜሪካውያን ነገር ሲነሣ፣ «እኛ እኮ እንደ እነሱ አይደለንም» ስንል እሰማለሁ። ያውም በልጆቻችን ፊት! ለእኛ በሩን የከፈተው የ1965ቱ የኢሚግሬሽን ሕግ የወጣው በመብት ትግሉ ማግሥት አይደለም? በዚህ ከተማ ሱቅ የከፈትነው፣ ቤት የገዛነው፣ ድምፅ የምንሰጠው ማን ደሙን ስላፈሰሰ ነው?

ይህን ደግሞ ስሙ። በደቡብ አፍሪካ ከነጭ ሚሲዮናውያን የተለዩ ምእመናን «ኢትዮጵያ እጆችዋን ወደ እግዚአብሔር ትዘረጋለች» የሚለውን ቃል ይዘው ቤተ ክርስቲያናቸውን የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን አሉ። በ1896፣ በዓድዋው ዓመት፣ ከተርነር ቤተ ክርስቲያን፣ ኤ.ኤም.ኢ. ከሚባለው የጥቁር አሜሪካውያን ሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ጋር ተዋሐዱ። በ1898 ጳጳስ የሆነው ተርነር ባሕር ተሻግሮ አገልጋዮቻቸውን ሾመ። ጥቁር ወንድሞቻችን በስማችን ሲኮሩ እኛ በእነሱ እናፍራለን?

ለተባረሩት የቆመው ሐውልት በምክር ቤቱ ግቢ ነው። ኮሚቴው የቅዳሜ ትምህርት ቤት ልጆቻችንን በዚህ ወር ይዞ እንዲሄድ እጠይቃለሁ። የአውቶቡሱን ወጪ እኔ እችላለሁ፤ ወላጆችም አብራችሁ ኑ።