ሰሙን ለተረከዝ፣ ማሩን ግን ለቁስል አይደለም

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ እንደምን አላችሁ!

ዛሬ ህዳር 5 ነው፤ የዓለም የስኳር ሕመም ቀን። ስለ መርፌና ስለ ኪኒን ሌሎች ይነግሯችኋል። እኔ ነርስ ነኝ፤ ውሎዬ ከእግር ጋር ነው። ስለ ተረከዝ ላውራችሁ።

ባለፈው ክረምት አንዲት እናት መጡ። የመጡት ለመድኃኒት ነበር፤ እግራቸውን ሊያሳዩ አልነበረም። ካልሲያቸውን ሲያወልቁ ቀኝ ተረከዛቸው እንደ በጋ መሬት ተሰነጣጥቋል። አንዱ ስንጥቅ ውስጥ ማር ደርቋል፤ ማሩ ላይ የካልሲ ክር ተጣብቋል። «ያምዎታል?» አልኳቸው። «ኧረ ምንም አይሰማኝም ልጄ» አሉኝ። ያስደነገጠኝ ይሄ መልስ ነው። ያ ስንጥቅ ሊያማቸው ይገባ ነበር።

ስኳር ሲቆይ ነርቭ ይጎዳል። ያኔ ሕመም አይሰማም፤ እግርም እንደ ድሮው አያልበውም። ላብ ያጣ ቆዳ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ ጀርም ይገባል።

እዚህ ላይ ነው ንብ የምትደርስልን፤ በማሯ ሳይሆን በሰሟ። ሰም ስስ ሆኖ ሲቀባ የቆዳውን እርጥበት ይዞ ያቆያል። ጠጅ በሚጣልበት ቤት ሰፈፍ አይጠፋም። ከውሃ ጋር አፍሉትና በጨርቅ አጥሉት፤ ሲቀዘቅዝ ሰሙ ከላይ ይረጋል። አንድ እጅ ሰም፣ አራት እጅ የወይራ ዘይት፣ የፈላ ውሃ ላይ በተቀመጠ ሳህን ቀስ ብሎ ይቅለጥ። ከቀዘቀዘ በኋላ መጀመሪያ ክንዳችሁ ላይ ሞክሩት። ካላሳከከ፣ ማታ እግር ታጥቦ በደንብ ሲደርቅ ተረከዝና ውስጥ እግር ይቀባል። በጣቶች መሃል በፍጹም! እዚያ እርጥበት ከታፈነ ፈንገስ ይወጣል። ቆዳው የተከፈተበት ቦታም አይነካ።

ማሩስ? ኃይሉ እውነት ነው። ውሃው ጥቂት፣ ስኳሩ ብዙ ነው፤ አሲድነትም አለው። ንቧ የጨመረችበት ኢንዛይም ደግሞ ማሩ በእርጥበት ሲቀጥን ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ያወጣል። ብዙው ባክቴሪያ ይህን አይችለውም። የኒውዚላንዱ የማኑካ ማር ለቁስል መሸፈኛ ተዘጋጅቶ ይሸጣል። ግን እሱ በጋማ ጨረር የጸዳ ነው። ከገበያ የምንገዛው ማር አልጸዳም፤ ቦቱሊዝም የሚባለውን፣ ሰውነትን ሽባ የሚያደርግ ከባድ በሽታ የሚያመጣው ባክቴሪያ ዘር ሊኖርበት ይችላል። ለሕክምና የተዘጋጀውም ቢሆን ተአምር አይሠራም። እንደ ፈረንጆቹ በ2015 የወጣው የኮክሬን (የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝን ዓለም አቀፍ ድርጅት) ግምገማ፣ ለስኳር እግር ቁስል ማር ከሌላው ሕክምና ይበልጣል የሚያሰኝ ግልጽ ማስረጃ አላገኘም። ስለዚህ እባካችሁ፣ ቁስል ካያችሁ ማር ፍለጋ አትሂዱ። በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ።

«ማር ተፈጥሮ ነው፣ ስኳር አይጨምርም» የምትሉም አላችሁ። ይጨምራል።

የእኚያን እናት ማር ቀስ ብለን አጥበን አነሳን። ከሥሩ ቁስል ነበር፤ ለመዳን ሁለት ወር ፈጀ። አሁን ልጃቸው ማታ ማታ እግራቸውን ታያለች፤ ሰሙንም የምትቀባቸው እሷ ናት።

ከኋላ ሁለት ባልደረቦቼ ውሃና ፎጣ ይዘው ተቀምጠዋል። ጫማችሁን አውልቁና ኑ። ካልሲዬ ተቀዷል ብሎ የሚያፍር እንዳይኖር።