ኬሚካሉ የት ደረሰ? ከሳሙና አረፋ እስከ መኪና ጎማ

[ምስል፦ በነጭ አረፋ የተሸፈነ ወንዝ]

ይህ በረዶ አይደለም፤ የሳሙና አረፋ ነው። በ1950ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) በጀርመንና በአሜሪካ ብዙ ወንዞች እንዲህ ነበሩ። የልብስ ማጠቢያ ዱቄቱ ዋና ኬሚካል ሞለኪውሉ ቅርንጫፍ የበዛበት ስለነበር ባክቴሪያዎች ሊያፈርሱት አልቻሉም። ስለዚህ ፍሳሽ ማጣሪያውን አልፎ ወንዝ ይገባ ነበር። ጀርመን በ1961 ሕግ አወጣች፤ የአሜሪካ አምራቾችም በ1965 ሰንሰለቱ ቀጥ ወዳለና በቀላሉ ወደሚፈርስ ዓይነት ተሻገሩ። አረፋውም ቀነሰ።

ታዲያ አንድ ኬሚካል ይፈርስ እንደሆነ ወንዝ ሳይገባ በፊት እንዴት ይታወቃል?

[ምስል፦ ቤተ ሙከራ ውስጥ የተደረደሩ ጠርሙሶች]

በብዙ አገሮች የሚሠራበት የኦኢሲዲ (የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት) የሙከራ መመሪያ ቁጥር 301 ነው። ጠርሙሱ ውስጥ ውሃ፣ ጥቂት ማዕድናት፣ ከፍሳሽ ማጣሪያ የመጣ ትንሽ ዝቃጭ እና የሚፈተነው ኬሚካል ይገባሉ። ሌላ ምግብ የለም። ዝቃጩ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ወይ ኬሚካሉን ይበላሉ፣ ወይ ይራባሉ። ጠርሙሱ 22 ዲግሪ ገደማ በሆነ ሙቀት 28 ቀን ይቆያል። አጠገቡ በቀላሉ እንደሚፈርስ የሚታወቅ ሶዲየም ቤንዞኤት ያለበት ሌላ ጠርሙስ ይቀመጣል። እሱ በ14 ቀን ውስጥ 60 በመቶ ካልፈረሰ ባክቴሪያዎቹ ደካማ ነበሩ ማለት ነውና ሙከራው ውድቅ ይሆናል።

እኔን በጣም የሚገርመኝ የሚለካው ነገር ነው። በአብዛኛው የሚለካው የባክቴሪያዎቹ ትንፋሽ ነው፦ ምን ያህል ኦክስጅን ወሰዱ፣ ምን ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ አወጡ። ኬሚካሉ ከውሃው ውስጥ ቢታጣ እንኳ ወደ ሌላ ነገር ተለውጦ ሊሆን ይችላል። ካርቦኑ በትንፋሽ ከወጣ ግን በእርግጥ ተበልቷል። ለማለፍ 60 በመቶ ይበቃል፤ ከቀረው ካርቦን ብዙው የባክቴሪያዎቹ ገላ መሥሪያ ስለሚሆን መቶ በመቶ አይጠበቅም።

ፈተናውን የወደቀ ኬሚካል ወዲያው አይኮነንም። በአፈር፣ በደለልና በወንዝ ውሃ ረዘም ያለ ሙከራ ይደረግበታል። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ በወንዝ ወይም በሐይቅ ውሃ ውስጥ ግማሹ ለመጥፋት ከ40 ቀን በላይ ከወሰደበት "የማይፈርስ" ይባላል።

ነገር ግን "ወደ ምን ተለወጠ?" የሚለው ጥያቄ አሁንም አለ። ዲዲቲን እናውቀዋለን፤ አገራችን ለወባ መከላከያ ለዓመታት በየቤቱ ተረጭቷል። ዲዲቲ ሲለወጥ ዲዲኢ ይሆናል። ዲዲኢ ስብ ውስጥ ይከማቻል፣ የአዳኝ አእዋፍን የእንቁላል ቅርፊት ያሳሳል፤ በዝዋይና በሐዋሳ ሐይቆች ዓሦች ውስጥም ተገኝቷል።

[ምስል፦ ሲያትል፣ አሜሪካ፤ ሎንግፌሎው ክሪክ የተባለው ትንሽ ወንዝ፣ መጸው]

ሲያትል የምትኖሩ ወገኖቻችን ይህን ወንዝ ታውቁት ይሆናል። ኮሆ የሚባለው የሳልመን ዓሣ እንቁላሉን ሊጥል ከባሕር ወደዚህ ይወጣል። ዝናብ ዘንቦ የመንገዱ ጎርፍ ሲገባ ግን ዓሦቹ ውሃው ላይ አፋቸውን ከፍተው ይዞራሉ፣ ሚዛናቸውን ይስታሉ፣ በሰዓታት ውስጥ ይሞታሉ። የሴቶቹ ሆድ ሲከፈት እንቁላሉ እንዳለ ነው።

ለዓመታት ብረታ ብረትም ፀረ ተባይም ተጠርጥሮ ነበር፤ አልሆነም። በመጨረሻ ተመራማሪዎች የጎማ ብናኝ የተዘፈዘፈበትን ውሃ ወሰዱ። ዓሦቹን ገደላቸው። ውሃው ውስጥ 2,000 ያህል ኬሚካሎች ነበሩ። ውሃውን ከፋፍለው እያንዳንዱን ክፍል በዓሣ ፈተኑ፤ የሚገድለውን ይዘው እንደገና ከፋፈሉ። መጨረሻ ላይ አንድ ኬሚካል ቀረ፦ 18 ካርቦን፣ 22 ሃይድሮጅን፣ 2 ናይትሮጅን፣ 2 ኦክስጅን። ጎማ ውስጥ ይገባሉ ከሚባሉት መካከል እንዲህ ያለ የለም።

ፍንጩ የመጣው ከ6ፒፒዲ ነው። 6ፒፒዲ ጎማ እንዳይሰነጣጠቅ የሚጨመር ኬሚካል ሲሆን የካርቦኑና የናይትሮጅኑ ቁጥር ከገዳዩ ኬሚካል ጋር እኩል ነው። ሥራውም አየር ላይ ያለውን ኦዞን የተባለ ጋዝ ጎማውን ሳይነካ ቀድሞ መቀበል ነው። በቤተ ሙከራ ኦዞን ሲያገናኙት ያው ገዳይ ኬሚካል ወጣ፤ 6ፒፒዲ-ኪኖን ተባለ። ግኝቱ በታኅሣሥ 2020 ታተመ። በ2022 በተስተካከለው ልኬት በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ ከአንድ ግራም አሥር ሚሊዮንኛ የማይሞላው ግማሾቹን ኮሆዎች ይገድላል። ያው ውሃ ውስጥ የገባው ቻም የተባለው ሳልመን ግን አይሞትም።

እንግዲህ አስቡት። የ28 ቀኑ ጠርሙስ ውስጥ የጎዳና ኦዞን የለም፤ ጠርሙሱ የሚጠይቀው ባክቴሪያዎችን ብቻ ነው። ቻምን ብቻ የፈተነ ሰው ደግሞ "ምንም ችግር የለም" ብሎ ይጽፍ ነበር። ለእኔ ትልቁ ክፍተት እዚህ ነው፦ ኬሚካሉ አየር፣ ፀሐይና ውሃ ሲያገኙት የሚወልደውም አብሮ መፈተን አለበት፤ ያውም ከአንድ በላይ በሆነ የዓሣ ዓይነት።

ካሊፎርኒያ ከጥቅምት 2023 ጀምሮ 6ፒፒዲ ያለበት ጎማ አምራቾች ምትክ እንዲፈልጉ የሚያስገድድ ደንብ አጽድቃለች። የሚመጣው ምትክ ገበያ ሳይወጣ ኦዞን ይንካው፤ የሚወጣውም መጀመሪያ በኮሆ ይፈተን። እስከዚያው ግን የሚሠራ ዘዴ አለ፦ የመንገዱ ጎርፍ በአሸዋና በብስባሽ ድብልቅ ውስጥ ተጣርቶ ሲወርድ በሙከራው የነበሩት ኮሆዎች በሕይወት ተርፈዋል።