«ሚስቱ ነበረች ወይ?»፦ ለእድራችን ጠቅላላ ጉባኤ የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ የእድራችን አባላት፣ እናቶች፣ አባቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ አካም ቡልተን! እንደምን አደራችሁ!

ሊቀመንበራችን «ስለ ሕግ አንድ ነገር ንገረን» ሲሉኝ ርዕስ ለመምረጥ ብዙ አልተቸገርኩም። በጥብቅና ሥራዬ እንቅልፍ የሚነሳኝ አንድ ጥያቄ አለ። ሰው ከተቀበረ በኋላ ነው የሚመጣው። «ለመሆኑ ሚስቱ ነበረች ወይ?» ይባላል።

የአንዲት እናት ጉዳይ ላንሳ። ፈቅዳልኛለች፤ ስሟን ግን አልጠራም። እዚሁ ጅማ ከባሏ ጋር 19 ዓመት ኖራለች። ሽማግሌ ተልኮ፣ በሽማግሌ ፊት ነው የተጋቡት። ወረቀት የለም። የሠርግ ፎቶም የለም። እሱ ቡና ይነግዳል፣ እሷ እንጀራ ጋግራ ትሸጣለች። ቤቱን ክፍል በክፍል እየጨመሩ አብረው ሠሩት። ልጅ አልወለዱም። ሰውየው ታሞ ሞተ። ገና ድንኳኑ ሳይነሳ ወንድሞቹ ከሌላ ከተማ መጡና «እሷ እኮ ሠራተኛው ናት» አሉ።

ሠራተኛው! ይህን ስትነግረኝ አላለቀሰችም። የነጠላዋን ጫፍ እጇ ላይ እየጠቀለለች ትፈታ ነበር፣ እየጠቀለለች ትፈታ ነበር።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተውን ልንገራችሁ። «ሚስት ባሏን ትወርሳለች» እንላለን። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን ባል ሳይናዘዝ ከሞተ መጀመሪያ የሚወርሱት ልጆቹ ናቸው። ልጅ ከሌለ ወላጆቹ፤ እነሱም ከሌሉ ወንድምና እህቶቹ። ሚስት እዚያ ዝርዝር ውስጥ የለችም። እሷ የምትወስደው የራሷን ነው፤ የጋራ ንብረታቸውን ግማሽ። ይህን ለማግኘት ግን መጀመሪያ ሚስት መሆኗ መታወቅ አለበት። «ሠራተኛ» የተባለች ሴት በገዛ ላቧ ከሠራችው ቤት ወጥታ መንገድ ላይ ትቀራለች።

ሕጉ ጨካኝ አይደለም። የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ጋብቻ በምስክር ወረቀት ይረጋገጣል ይላል። ወረቀት ከሌለ ደግሞ ሌላ በር ይከፍታል። ሁለቱ ራሳቸውን እንደ ባልና ሚስት ቆጥረው ከኖሩ፣ ቤተዘመዱና አካባቢውም እንደዚያ ካያቸው፣ ይህንኑ በምስክር ማስረዳት ይቻላል። እኛ ኦሮሚያ ውስጥ ስለሆንን የምንዳኘው በክልሉ የቤተሰብ ሕግ ነው፤ ብዙው ነገር ግን ይመሳሰላል። አስቡት እንግዲህ፣ ዳኛው የሚጠይቀው ጎረቤትን ነው። እናንተን ነው የሚጠይቀው።

ጎረቤቶቿ መጡ። ግን አንዱ «ሚስቱ ናት» አለ፣ አንዱ «አብረው ይኖሩ ነበር» አለ። በሰፈር ወሬ ሁለቱ አንድ ናቸው። በችሎት አይደሉም። ሳይጋቡ እንደ ባልና ሚስት መኖርን ሕጉ ለብቻው ያውቀዋል። በፌዴራሉ ሕግ እንዲህ የኖሩ ሰዎች ያፈሩት ሀብት የጋራ የሚሆነው ቢያንስ ሦስት ዓመት አብረው ከቆዩ ነው። ምስክር ሆናችሁ ስትቆሙ እባካችሁ ያያችሁትን በዝርዝር ተናገሩ። ማን ሽማግሌ ሆኖ ሄደ? በዓል ሲሆን ማን ቤት ጠሯችሁ? እሱ ሰው ፊት ምን ብሎ ይጠራት ነበር?

የእድራቸውን መዝገብ አስመጣሁ። በባልየው ስም ሥር «ቤተሰብ 2» ይላል፤ የሷ ስም የለም። ተስፋ ቆርጬ ገጹን ሳገላብጥ፣ በ1998 ዓ.ም. ገጽ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ የተጻፈች አንዲት መስመር አገኘሁ። «ለአማቱ ሞት ተከፈለ» ትላለች። የሞቱት የሷ እናት ናቸው። ሠራተኛ አማት አታመጣም! ያቺ መስመርና የምስክሮቹ ቃል አንድ ላይ ሆነው ሚስትነቷ ተረጋገጠ። የጻፏት ጸሐፊ አሁን በሕይወት የሉም። ነፍስ ይማር።

ነገሩ በተቃራኒውም ይመጣል። ቤት ለመከራየት ብለው «ባልና ሚስት ነን» የሚሉ ወጣቶች አሉ፤ አንዳንድ አከራይ ለላጤ አያከራይምና። አንድ ውሸት ብቻውን ጋብቻ አይሆንም። ዓመታት ሲያልፉ፣ ሰፈሩ ሁሉ «የእከሌ ባለቤት» ማለት ሲለምድና ፍቅሩ ሲቀዘቅዝ ግን፣ አንዱ ተነስቶ «ባሌ ነው» ወይም «ሚስቴ ናት» ቢል ምስክር አያጣም። ተከራካሪው «በልባችን ባልና ሚስት አልነበርንም» ብሎ ለማስረዳት ብዙ ይለፋል።

«በሽማግሌ ተፋተናል» የምትሉም አላችሁ። ፍቺ የሚጸናው በፍርድ ቤት ነው። እርግጥ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት፣ የሥር ፍርድ ቤቶችን የሕግ ስህተት የሚያርመው ማለት ነው፣ በመዝገብ ቁጥር 20938፣ ተለያይተው ለረጅም ጊዜ የኖሩ ባልና ሚስት ጋብቻ የፍቺ ውሳኔ ባይኖርም ፈርሷል ብሎ ወስኗል። ግን ይህን ተማምናችሁ አትቀመጡ። ሰውየው በሞተ ማግስት ሁለት ሴቶች አንድ ድንኳን ውስጥ «ባሌ» እያሉ ሲያለቅሱ አይቻለሁ። ሁለቱም እውነታቸውን ነበር።

ያልተመዘገባችሁ ተመዝገቡ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ፣ የልደት፣ የጋብቻ፣ የፍቺና የሞት ምዝገባ ማለት ነው፣ በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው፤ በኒካህም በቤተክርስቲያንም በባህልም የተጋባ ሁሉ ይመዘገባል። «ካረጀን በኋላ ምን ወረቀት ያስፈልገናል» የሚሉ እናቶችን እሰማለሁ። የጡረታ አበል ለመጠየቅ ስትሄዱ መጀመሪያ የምትጠየቁት እሱን ነው።

ለጉባኤው የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። መዝገባችን ላይ «ቤተሰብ» የሚለው ዓምድ ቁጥር ብቻ ነው የያዘው። የባለቤት ሙሉ ስም እስከ አያት፣ የተጋቡበት ዓመትና የሽማግሌዎቹ ስም ይጻፍበት። ባልም ሚስትም ይፈርሙበት። በሚቀጥለው ወር መዋጮ በሚሰበሰብበት እሑድ ከጸሐፊያችን ጎን እቀመጣለሁ። ባለቤታችሁን ይዛችሁ ኑ።