የላዳው ሹፌር ምን ተወሰደበት?

(ምስል፦ ሰማያዊና ነጭ ላዳ፣ ቦሌ መንገድ ዳር)

«ጋሼ፣ ፒያሳ ስንት?»
«ላንቺ መቶ ሃምሳ።»
«ኧረ በማርያም! መቶ ይሁንልኝ።»
«እሺ፣ መቶ ሃያ። ግቢ።»

አዲስ አበባ ላይ ላዳ የያዘ ሰው ይህን ክርክር አይረሳውም። እኔ በበኩሌ ሁሌም ተሸናፊ ነበርኩ። ግን ልብ ብላችሁ ካያችሁት፣ ድርድሩ ራሱ ሙያ ነው። ሹፌሩ ሻንጣችሁን ያያል፣ ሰዓቱን ያያል፣ ደመናውን ያያል፤ ከዚያ ዋጋ ይጠራል። ሰፈሩንም ያውቃል። በዚህች ከተማ አድራሻ ማለት «ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ ወረድ ብሎ» ነው። ያንን ለማወቅ ዓመታት ይፈጃል።

(ምስል፦ ካርታ የበራበት ስልክ)

ከዚያ ታክሲ በስልክ የሚጠራበት ራይድ መጣ። የሳምራዊት ፍቅሩ ድርጅት፣ ሃይብሪድ ዲዛይንስ፣ የሠራው ነው። ስማርት ስልክ የሌለው 8294 ይደውላል፤ ያለው መተግበሪያውን ይከፍታል። ሂሳቡን ስልኩ ይቆጥራል፣ መንገዱን ካርታው ይመራል።

ታዲያ ሥራ ጠፋ? ኧረ እንዲያውም! ሰፈር የማያውቀውም፣ መከራከር የሚያፍረውም መሪ ጨበጠ። ስልክ አንስተው መኪና የሚመድቡ ልጆችም እንጀራ አገኙ።

ከላዳው ሹፌር የተወሰደው መሪው አይደለም፤ የሚያውቀው ነገር ነው። ዕድሜውን ሙሉ መንገድ ላይ ያጠራቀመው እውቀት ስልክ ውስጥ ገባና ለሁሉም ታደለ።

«ባለላዳውስ ለምን ራይድ ላይ አይመዘገብም?» ትሉ ይሆናል። በእኩል ዋጋ ቶዮታ ቪትስ እያለ ያረጀ ላዳ ማን ይመርጣል? መኪና ለመቀየር ብድር ይፈልጋል። ባንኩ መያዣ አምጣ ይለዋል። ያለው ንብረት ያው ላዳው ነው።

(ምስል፦ ማታ፣ ዝናብ፣ መንገድ ዳር የቆመ ቪትስ)

አዲሱ ሹፌርስ? የራሱ መኪና ካለው ደህና። ከሌለው ግን በየቀኑ ለባለቤቱ ገቢ ያስገባል፤ ነዳጁም በእሱ ነው፣ የመተግበሪያው ኮሚሽንም አለ። የእሱ ድርሻ ከዚህ ሁሉ የተረፈችው ናት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለተቀጣሪ በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ፈቃድ ይሰጣል። እሱ ግን ደመወዝተኛ አይደለም። ጉንፋን ይዞት አንድ ቀን ቢተኛ፣ ማታ ባለመኪናው «የዛሬው ገቢስ?» ብሎ ይደውላል።

(ምስል፦ ስልኩ ይጮኻል፤ ሹፌሩ ሞተር ያስነሳል)