ሲመቱ መቻል

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ። ዛሬ እንግዳ አልጋበዝኩም፤ የማወራው በ31 ዓመቴ ቦክስ መማር ከጀመርኩበት ጊዜ አንስቶ ሲያብሰለስለኝ ስለ ቆየ የራሴ ጥያቄ ነውና። ቡጢ ሲያርፍብኝ ምን ያህል እችላለሁ? ይህን ጥያቄ ቦክስ የተማረ ሰው ሁሉ በሆዱ ይዞት ይዞራል፤ ጮክ ብሎ ሲጠይቅ የሰማሁት ግን የለም።

የመጀመሪያዎቹን 6 ወራት ያሳለፍኩት ገመድ በመዝለል፣ የተንጠለጠለውን ጆንያ በመደብደብና አሰልጣኝ በእጁ የሚይዘውን ፓድ በመምታት ነበር። ጆንያ አጸፋ አይመልስምና በእነዚያ ወራት ራሴን እንደ ጨረሰ ቦክሰኛ መቁጠር ጀምሬ ነበር። ሁላችንም ጋሼ እያልን የምንጠራቸው አሰልጣኛችን ግን ስፓሪንግ (ከሰው ጋር የሚደረግ የግጥሚያ ልምምድ) መቼ እንደምጀምር በጠየቅኳቸው ቁጥር «ገና ነህ» ከማለት ሌላ መልስ አልነበራቸውም። በመጨረሻ ከእኔ በ8 ኪሎ ከሚያንስ የ19 ዓመት ልጅ ጋር አገናኙኝ። እውነቱን ለመናገር ለልጁ አዝኜለት ነበር።

ያዘንኩለት ልጅ ገና በመጀመሪያው ደቂቃ የግራ ጃቡን (በፊተኛው እጅ ቀጥ ብሎ የሚሰነዘር ቡጢ) አፍንጫዬ ላይ አሳረፈው። ሕመሙ ከፈራሁት ያነሰ ነበር፤ ያልጠበቅኩት እንባውን ነው። አፍንጫ ሲመታ ዓይን በራሱ ጊዜ ያነባል፣ ከልቅሶም ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም፤ ሆኖም «ወንድ ልጅ አያለቅስም» እየተባለ ያደገ ሰው በዚያች ቅጽበት ይህን ለራሱ ማስረዳት አይሆንለትም። አፈርኩ፤ ኀፍረቱ ወደ ንዴት ተለወጠ፤ በንዴቱም ትንፋሼን ይዤ ያለ መላ መሰንዘር ጀመርኩ። ሁለተኛው ጃብ ሲመጣ ዓይኔን ጨፍኜ ፊቴን አዞርኩ፣ ሦስተኛው ጆሮ ግንዴ ላይ አረፈ። ዙሩ ሲያበቃ ልጁ «አመመህ እንዴ ወንድሜ?» ቢለኝ «ኧረ ምንም!» አልኩት። ማታ እናቴ ያበጠውን አፍንጫዬን አይታ «ማነው የመታህ?» ብላ ነጠላዋን ስታነሳ፣ በየወሩ ገንዘብ እየከፈልኩ እንደምመታ ማስረዳቱ ከዙሩ የበለጠ አድክሞኝ ነበር።

ጋሼን ከሁሉ ያስቆጣቸው ፊቴን ማዞሬ ነው። «ፊትህን ስታዞር ቡጢው አይቀርልህም፤ ማየቱ ነው የሚቀርብህ። ሰውን የሚጥለው ደግሞ ያላየው ነው» አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለ2 ወር ያህል፣ ሌሎቹ ሲሄዱ ፊት ለፊታቸው ያቆሙኝና በ16 አውንስ ጓንት ግንባሬን፣ ጉንጬን፣ ትከሻዬን ቀስ እያሉ ይነካኩኝ ነበር። የእኔ ሥራ ዓይኔን አለመጨፈን፣ አገጬን ወደ ደረቴ መቅበር፣ የጥርስ መከላከያውን ነክሶ መያዝና ጓንቱ በነካኝ ቁጥር በአፍንጫዬ አጭር ትንፋሽ ማውጣት ብቻ ነበር። አሰልቺ ነው፤ ሰው ቢያየን የልጆች ጨዋታ ይመስለው ነበር። ነገር ግን በሁለተኛው ወር መጨረሻ ጓንቱ ወደ ዓይኔ ሲመጣ የመጨፈኑ ነገር እየለቀቀኝ መሆኑን ልብ አልኩ።

ለምን ይህን ያህል እንደ ደከሙብኝ የገባኝ ቆይቶ ነው። አንጎል በራስ ቅል ውስጥ በፈሳሽ ተከቦ የተቀመጠ ነው፤ ቡጢ ሲያርፍ ቅሉ ቀድሞ ይንቀሳቀሳል፣ አንጎል ዘግይቶ ይከተላል፤ የባሰው ጉዳት የሚመጣው ደግሞ ራስ በድንገት ሲዞርና የአንጎል የነርቭ ክሮች ሲጠማዘዙ ነው። አገጭ ራስን ለማዞር ምቹ እጀታ ስለሆነ፣ ከጎን የመጣ ሁክ (ክንድ ታጥፎ የሚሰነዘር ቡጢ) ሲያርፍበት የግዙፍ ሰው ጉልበት ሳይቀር ቄጤማ ይሆናል። ግንባር ወፍራም አጥንት ነው፤ አገጩን የቀበረ ሰው ለተጋጣሚው የሚሰጠው እርሱን ነው፤ አንዳንዴም የሚጎዳው የመቺው እጅ ይሆናል። አንገቱን ያጠነከረና የሚመጣውን አስቀድሞ ያየ ሰው ራሱን ከትከሻው ጋር አስሮ ይቀበላል፤ ያላየ ግን ጡንቻው ሳይዘጋጅ ይደርስበታል።

እዚህ ላይ አማርኛችን ከእኔ ቀድሞ ነገሩን ሳያውቀው አልቀረም። መኪና መንዳት ይችላል ስንል ሙያውን፣ መከራ ይችላል ስንል ትዕግሥቱን ማለታችን ነው፤ ግሡ ግን አንድ ነው። (የመከላከያ ሠራዊታችን የስፖርት ክለብ መቻል ሲባልም የትኛው መቻል እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም፤ ምናልባት ሁለቱም።) እኔ ወደ ሪንግ የገባሁት ትዕግሥቴን ልለካ ነበር፤ ጋሼ ያስተማሩኝ ሙያውን ነው። መንጋጋው ብረት ነው የምንለው ሰው፣ ከተፈጥሮው የተሰጠው ድርሻ እንዳለ ሆኖ፣ አብዛኛውን ጊዜ ቡጢው መቼና የት እንደሚያርፍበት የሚያውቅ ሰው ነው።

ስለ ቡጢ መቻል ሲነሳ ሁሉም የሚጠቅሰው የ1974ቱን (እ.ኤ.አ.) የኪንሻሳ ግጥሚያ ነው። ጆርጅ ፎርማን ጆ ፍሬዘርንና ኬን ኖርተንን እያንዳንዳቸውን በ2ኛው ዙር አሸንፎ የመጣ ጉልበተኛ ነበር፤ መሐመድ አሊም የሪንጉን ገመድ ተደግፎ ዙር በዙር እንዲደበድበው ተወው፣ ከዚያም ክንዱ የዛለውን ፎርማንን በ8ኛው ዙር ዘረረው። ቦክስ ከመማሬ በፊት ቪዲዮውን ሳይ የማየው ተደብዳቢ አሊን ነበር። አሁን ሳየው ግን ዓይኑ ከፎርማን ትከሻ አይነቀልም፤ ክንዱና ክርኑ ብዙውን ቡጢ ይቀበላሉ፤ ወገቡ ወደ ኋላ ሲለጠጥ ወደ ጭንቅላቱ የተሰነዘረው ቡጢ አየር ይመታል፤ ሲጠጋጉም የፎርማንን አንገት ይዞ ቁልቁል ይጫነዋል። ያንን ቡጢ መታገሥ ብቻ ነበር ያደረገው ብሎ ማውራት ሙያውን መንፈግ ነው።

ይሁን እንጂ ታሪኩ ኪንሻሳ ላይ አያበቃም። በሚቀጥለው ዓመት አሊ ማኒላ ውስጥ ከፍሬዘር ጋር 14 ዙር ተደባደበ፤ ፍሬዘርን ለ15ኛው ዙር እንዳይነሳ የከለከለው አሰልጣኙ ኤዲ ፈች ነው። አሊ በ1980 በላሪ ሆልምስ 10 ዙር ሲቀጠቀጥ ማየት እስከ ዛሬ ይከብደኛል፤ በ1984 የፓርኪንሰን ሕመም እንዳለበት ታወቀ። ሐኪሞች ሁሉንም በቡጢ አያሳብቡም። ሆኖም አሜሪካዊው ሐኪም ሃሪሰን ማርትላንድ ራሳቸው ብዙ የተመታባቸው ቦክሰኞች እንደ ሰካራም እየተንገዳገዱ እንደሚቀሩ የጻፈው በ1928 ነው፤ አላወቅንም ለማለት ጊዜው አልፏል።

የአካል ቡጢ ሌላ ትምህርት ነው፤ ባጭሩ ልለፈው። አንድ ቀን የግራ ሁክ በቀኝ ጎኔ ከጎድን አጥንቴ ሥር፣ ጉበቴ ላይ ገባ። ለአንድ ሰከንድ ያህል ምንም አልተሰማኝም፤ ቀጥሎ ሰውነቴ ከእኔ ጋር ሳይማከር ተንበረከከ። አእምሮዬ ንጹሕ ነበር፣ ለመነሳትም እፈልጋለሁ፤ የሚታዘዝ እግር ግን አልነበረኝም። በ2004 (እ.ኤ.አ.) ቦክሰኛው ኦስካር ደ ላ ሆያ በበርናርድ ሆፕኪንስ እንዲሁ ጉበቱን ተመትቶ በ9ኛው ዙር ወድቆ ሲቀር «ሆን ብሎ ግጥሚያውን ተወው» ብዬ ስቄበት ነበር። ያንን ሳቄን በዚያ ቀን መለስኩ።

ወደ ዋናው ነገር ልመለስ። በሁለተኛው ዓመቴ፣ ከሌላ ቦታ ከመጣ ከበድ ያለ ሰው ጋር ስንለማመድ፣ ከቀኝ በኩል የመጣ አንድ ቡጢ አላየሁም። የማስታውሰው እስከዚያ ድረስ ነው። ቀጥሎ ያለው ትዝታዬ ወንበር ላይ ተቀምጬ ጓንቴ ሲፈታልኝ ነው። ጓደኞቼ በደስታ እየጮኹ «ቻልከው! አልወደቅክም እኮ! እንዲያውም መለስክለት!» አሉኝ። ዙሩ ሊያልቅ ከአንድ ደቂቃ በላይ ቀርቶት እንደ ነበርና ያንን ሁሉ ቆሜ እንደ ጨረስኩ የነገሩኝ እነርሱ ናቸው። ለዓመታት የፈለግኩት መልስ ተሰጥቶ ነበር ማለት ነው፤ መልሱ ሲሰጥ ግን እኔ በቦታው አልነበርኩም። እንዲህ ያለውን መቻል ማን ቻለው እንደሚባል እስካሁን ግራ ይገባኛል።

ጋሼ አልተደሰቱም። የተመታሁት መቼ እንደሆነ ጠየቁኝ፤ መመለስ አቃተኝ፤ ቀኑንም አሳሳትኩ። ወደ ሐኪም ላኩኝ፣ ከዚያም ለወር ያህል ስፓሪንግ ከለከሉኝ። ክልከላው ቅጣት መሰለኝና ተቆጣሁ፤ አልወደቅኩም ብዬ ተከራከርኳቸው። «ብትወድቅ ዳኛ ይቆጥርልህ ነበር፤ አንተ ግን ቆመህ ሌላ ትጨምር ነበር» አሉኝና ወደ ሌሎቹ ዞሩ። ያን ጊዜ ነው ጆርጅ ቹቫሎ ትዝ ያለኝ፤ በ93 የፕሮፌሽናል ግጥሚያዎች አንድም ጊዜ ያልወደቀው ካናዳዊ። ቀድሞ ያንን ቁጥር የምጠራው በቅናት ነበር፤ አሁን ስሰማው የማስበው የቆጠረለት ሰው ሳይኖር ያረፉበትን ቡጢዎች ነው።

ባለፈው ማክሰኞ ከዚያው ከመጀመሪያው ልጅ ጋር ተገናኘን፤ አሁን 22 ዓመቱ ነው፣ ቀኙም ከብዷል። በሁለተኛው ዙር መሃል ቀኙ ሲመጣ አየሁት፤ አገጬን ቀበርኩ፣ ግንባሬ ላይ አረፈ፣ ጆሮዬ ጭው አለ። ደወሉ ሲደወል ጓንቱን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጎ እንደ ልማዱ «አመመህ እንዴ ወንድሜ?» አለኝ።

«አዎ» አልኩት። ጋሼ ከሩቅ ሰምተው ቀጣዩን ዙር ወንበር ላይ እንድቀመጥ በእጃቸው አመለከቱኝ፤ ልጁም ሄዶ ውሃዬን አመጣልኝ።